ሁለተኛው ቁልፍ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ ተውኩት ከምል ተጣላን ብል ይሻላል። ግን ይሄን ነገር ለሰው በአፌ ሳወራው ግማሹን እየዋጥኩ ስላስቸገረኝ፣ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ወረቀት ላይ መዋጥ ይከብዳል።

ልደታ ነው የምኖረው። ልደታ ሲባል ሰው የሚያውቀው ፍርድ ቤቱን ነው፤ ጠበቃ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ማመልከቻ ጻፊ። ከዛ ሁሉ ፎቅ ጀርባ ወንዙ ዳር ወርዶ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ ሰው እንዳለ ብዙው አያውቅም። እኛ ነን። አርባ አንድ ሰው። አባቴ ሲሞት ስምንት መደብና አንድ ግልፍተኝነት አወረሰኝ፤ መደቡን ሳለማ ግልፍተኝነቱም አብሮ ለማ።

ውሃው የግል አይደለም፣ የማህበር ነው። የመስኖ ውሃ ማህበር አለን፤ አያተርፍም፣ ለማትረፍም አልተቋቋመም። የምናዋጣው ለቦይ ጥገና ነው፣ አለቀ። በጠቅላላ ጉባኤ አምስት ኮሚቴ ይመረጣል፣ ደሞዝ የሚባል ነገር የላቸውም። ሃያ መደብ ያለውም አራት መደብ ያለውም ድምፁ አንድ ነው፤ ውሃ ግን በመደብ ልክ በሰዓት ይከፋፈላል። ከኮሚቴው በላይ የሚፈራው ግን የውሃ አባቱ ነው። ተራ የሚያስከብረው እሱ ነው፣ ጸብ የሚዳኘው እሱ ነው። የኛ የውሃ አባት ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ ሰውዬ።

አሰራሩን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ከላይ ኩሬ አለ። የኩሬው አፍ ላይ የብረት ሳንቃ አለ። ሳንቃው ሲነሳ ውሃው በቦይ ይወርድና አስፋልቱ ስር በተቀበረ የሲሚንቶ ቱቦ አልፎ ወደኛ መደብ ይመጣል። ቱቦው ሰው በደረቱ እየተሳበ የሚገባበት ያህል ነው። ሳንቃው በሰንሰለትና በጓጉንቸር ይቆለፋል። ተራህ ሲደርስ ከፍተህ ሳንቃውን ታነሳለህ፣ ከዛ ማንም መጥቶ እንዳይዘጋብህ እንደተነሳ መልሰህ ትቆልፈዋለህ። ተራህ ሲያልቅ ሳንቃውን አውርደህ ትቆልፍና ቁልፉን ለባለተራው ታስረክባለህ። ቁልፉ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቁልፉ እጁ ላይ ያለ ሰው፣ ውሃው የሱ ነው።

ሐሙስ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የኔ ተራ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ እትዬ ሰዓዳ ናት። የወሎ ሴት ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስድስት መደብ ብቻዋን ነው የምታለማው። ጉልበቷን ያማታል። መደቧ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ቁልፍ ፍለጋ ሽቅብ ወጥታ፣ እኔን አጥታ፣ ወርዳ፣ እንደገና ወጥታ፣ ሁሌ ግማሽ ሰዓት ውሃዋ ይቃጠላል። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ሜክሲኮ ላሉ ምግብ ቤቶች ሰላጣ የማደርስበት ቀን ስለሆነ ቀደም ብዬ ዘግቼ እወጣለሁ፣ አልገኝላትም።

እና አንድ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ።

«ለምን ሌላ ቁልፍ አናስቀርጽም? ጌጃ ሰፈር ወርዶ ማስቀረጽ እኮ አስር ደቂቃ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጋሽ ታደሰ የሚባሉት ጸሐፊያችን፣ መዝገባቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ «ይሄ ልጅ ለወንዙም ቁልፍ ሊያስቀርጽለት ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

ጋሽ ወርቁ ግን አልሳቁም። «አንድ ውሃ፣ አንድ ቁልፍ። አይቀረጽም» አሉ።

«ለምን?»

«አይቀረጽም አልኩህ እኮ።»

«እሺ በቃ፣ እናንተ እዚሁ ቁልፋችሁን አቅፋችሁ ተኙ!» ብዬ ጥዬ ወጣሁ። በር ቢኖረው ኖሮ እወረውረው ነበር፤ ስብሰባችን ሜዳ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቁልፉ እጄ ሲገባ ቀጥ ብዬ ጌጃ ሰፈር። ቁልፍ ቀራጩ ፋራ ነገር ነው፤ አሮጌ ብረት አንስቶ ጭር ጭር አደረገና ሰጠኝ። ለእትዬ ሰዓዳ ወስጄ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይሄ ምንድነው አንተ ልጅ?»

«ያንቺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አትለምኚ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሄደሽ ክፈቺ።»

«ጋሽ ወርቁ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ» አልኳት። ዋሸሁ። እንደ ደግ ሰው ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ሁለት ወር ማንም አልነቃም፤ ቁልፉን እኔ ያስረከብኳት ነው የሚመስላቸው። እንዲያውም በልቤ እስቅባቸው ነበር።

ከዛ ያ ሐሙስ መጣ። የዛን ቀን ትልቅ ትዕዛዝ ስለነበረኝ ተራዬን ትቼ፣ ቁልፉንም ከጋሽ ወርቁ ሳልወስድ፣ በጠዋት ሰላጣዬን ተሸክሜ ሜክሲኮ ወጣሁ። አምስት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል አንዱ ምግብ ቤት ጓሮ ቆሜ ሰላጣ እያስረከብኩ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታደሰ ናቸው።

«የት ነህ አንተ ጎረምሳ?»

«ስራ ላይ ነኝ፣ ምነው?»

«ቱቦው ተዘግቷል። ሰው የጣለው የስፖንጅ ፍራሽ ነው መሰለኝ፣ መሀል ላይ ተወትፏል። አንተ ለቁልፍ ሳትመጣ ስትቀር ወርቁ በዚህ ባዶ ሰዓት ላጽዳው ብሎ ገብቷል። እኔ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። ፍራሹ ውሃ ጠጥቶ ከበደን፣ ጉልበት ያለው ሰው እንፈልጋለን፤ ና!»

አሁንም ያ ቅጽበት ይመጣብኛል። የሰላጣ ጆንያ እጄ ላይ እንዳለ፣ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?» አልኩ።

«እኔ እንጃ፣ ሲጨርስ።»

«ስድስት ሰዓት እኮ የእትዬ ሰዓዳ ተራ ነው።»

«ታዲያ ምን? ቁልፉ እሱ አንገት ላይ ነው። ስትፈልግ እዚህ ትመጣለች፣ ቆይ ይጨርስ እንላታለን። ሁሌ እንዲህ አይደለም እንዴ? ቱቦ የሚገባ ሰው ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ነው የሚገባው። ቁልፉ ውስጥ ከሆነ ውጪ ማን ይከፍታል?»

ለዚህ ነው ለካ። አንድ ውሃ፣ አንድ ቁልፍ ያሉት ለዚህ ነው። ለማንም መንገር አያስፈልግም፣ ማስታወቂያ መለጠፍ አያስፈልግም፤ ቁልፉ ራሱ ማስታወቂያ ነው። እኔ ይሄን ማስታወቂያ ቀድጄ ነው የጣልኩት።

እትዬ ሰዓዳ ወደነሱ አትመጣም። ለምን ትመጣለች? ቁልፍ አላት። ከቤቷ በላይኛው መንገድ ቀጥ ብላ ሳንቃው ጋ ትወርዳለች። ጋሽ ታደሰ የቆሙት ከአስፋልቱ ወዲህ ከታች ነው፤ አያይዋትም፣ አታያቸውም።

አሁን ከናንተ አንድ ነገር አልደብቅም። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሌላ ቁልፍ አለ፣ ያውጧቸው!» አለቀ። አፌ እንደዛ ፈጣን ነው፣ ሰፈር ሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለስድብ ሲሆን ማንም አይቀድመኝም። ግን አልወጣም። ከማህበሩ ያባርሩኛል፣ የአባቴን መደብ ይነጥቁኛል፣ ስብሰባ ላይ ያ ሁሉ ሽማግሌ ጣቱን ይቀስርብኛል የሚል ፍርሃት አፌን ያዘው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ዝም ብለው ያውጧቸው» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዲሁ… አየር ያጥራቸዋል።»

ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ያላጠረው አየር ዛሬ ሊያጥረው? ይልቅ ቶሎ ና» ብለው ዘጉት።

እትዬ ሰዓዳ ጋ ደወልኩ። ተዘግቷል። ደገምኩ። ተዘግቷል። ስልኳን መደብ ስትወርድ ውሃ እንዳይነካው ቤት አጥፍታ ነው የምታስቀምጠው፤ አውቃለሁ፣ ግን ሦስተኛም ደወልኩ። ቀድሜ እደርሳለሁ አልኩ። ማንም ሳያውቅ ደርሼ ቁልፉን ከእጇ እቀበላታለሁ፣ ወንዝ ውስጥ እወረውረዋለሁ፣ ያልቃል። ይሄ ነበር እቅዴ። የሰው ነፍስ ላይ ቆሜ ስሜን የማዳን እቅድ!

ጆንያውን ጥዬ ሮጥኩ። የምግብ ቤቱ ሰውዬ «ሚዛኑስ?» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። የባቡሩ ድልድይ ስር አልፌ አንድ ታክሲ ላይ ዘለልኩ። አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት። ታክሲዋ ትንሽ ሄደችና ቆመች። ፊት ለፊት ያለው መኪና ሁሉ የተጣበቀ ይመስላል።

«ወራጅ!» አልኩ።

«እዚህ መሀል መንገድ ላይ? ትራፊክ ይከሰኛል ጀለስ፣ ተረጋጋ» አለ ረዳቱ። «ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለህ እንዴ? እዛ እንደሆነ ዳኛውም ይዘገያል።»

ሰው ሳቀ። ጎኔ የተቀመጡ እናት ፊቴን አዩኝና «ልጄ፣ ምን ሆነሃል? ከንፈርህ እኮ ነጭ ሆኗል» አሉኝ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የሳቸው ድምፅ ይሁን፣ ስልኬ ላይ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ማየቴ ይሁን፣ አፌን የያዘው ነገር ለቀቀኝ። ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። ጠራ። ጋሽ ታደሰ አነሱት።

«እየመጣህ ነው?»

«ጋሽ ታደሰ ይስሙኝ፣ ሌላ ቁልፍ አለ።»

«ምን አልክ?»

«ሌላ ቁልፍ አለ! እኔ ነኝ ያስቀረጽኩት! እትዬ ሰዓዳ እጅ ላይ ነው ያለው፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ትከፍተዋለች፣ ጋሽ ወርቁን ያውጧቸው! ገመዱን ይሳቡት! አሁን!»

ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዛ ከስልኩ ውስጥ «ወርቁ! ወርቁ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፣ ስልኩ መሬት ላይ ወደቀ መሰለኝ ተቋረጠ።

«ሰው ሊሞት ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። «ክፈትለት እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!»

ረዳቱ በሩን ሳበልኝ።

ሮጥኩ። ኳስ ሜዳ ላይ እንደዛ ሮጬ አላውቅም። ከቤተክርስቲያኑ በታች ባለው ጠባብ መንገድ ቁልቁል ስወርድ ሁለቴ ወደቅኩ። ሳንባዬ ተቃጠለ። በእግዜር ስም የማልምል ሰው «ማርያም ሰዓቷን ያዢልኝ፣ ሰዓቷን ብቻ» እያልኩ ነበር።

ኩሬው ጋ ደረስኩ። ሳንቃው ተነስቷል።

እትዬ ሰዓዳ ዶማዋን ተደግፋ ቆማ ውሃው ሲወርድ ታያለች። ሳቀችልኝ። «አንተ ልጅ አላህ ይስጥህ፤ ዛሬ ትንሽ ቀደም አልኩ፣ ችግኝ ስለተከልኩ። ማንም ስላልተጠቀመ ነው እንጂ የሰው ተራ አልነካሁም።»

«ዝጊው!» ጮህኩ። «ጋሽ ወርቁ ቱቦ ውስጥ ናቸው!»

ዶማው ከእጇ ወደቀ። «ያ ረቢ» አለች፣ ድምፅ ሳይኖረው፣ በከንፈሯ ብቻ።

ሳንቃውን ለመዝጋት መጀመሪያ ጓጉንቸሩን መክፈት አለብህ፣ እንደተነሳ ተቆልፏላ። ቁልፉን ከእጇ ነጥቄ ከተትኩት። አልዞር አለ። ያ ፋራ ቀራጭ የሰራው ቁልፍ ለመክፈት ሁለቴ ሦስቴ መወዝወዝ እንደሚፈልግ እሷ ታውቃለች፤ «ቀስ ብለህ፣ ወደ ግራ አዘንብለው» ትለኛለች፤ የምን ቀስ! ጠመዘዝኩት። ቀጭ አለ። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ጓጉንቸሩ ውስጥ ቀረ።

ውሃው እየወረደ ነው። የውሃ ድምፅ ደስ ይላል የሚል ሰው አለ አይደል? ያን ቀን የሰማሁት ድምፅ ሰው ሲያኝክ ነበር የሚመስለው።

ዶማዋን አንስቼ በጀርባው ሰንሰለቱን መደብደብ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። አምስት። ሰንሰለቱ ይዘላል እንጂ አይበጠስም። እትዬ ሰዓዳ በዛ በሚያማት ጉልበቷ ተንበርክካ ድንጋይ አምጥታ ከስሩ አስደገፈችልኝ። «አሁን ምታው!» እጇ እዛው አለ። «እጅሽን አንሺ!» «ምታው አልኩህ!» መታሁት። ድንጋዩ ስለያዘው በሁለተኛው ቀለበቷ ተከፈተች፣ ሳንቃው ጓ ብሎ ወረደ።

ከዛ በኋላ አስፋልቱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። አንድ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ከታች የቱቦው አፍ ላይ ጥቁር ውሃ፣ የተቀደደ የስፖንጅ ቁራጭ፣ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይተፋል። ጋሽ ታደሰ ጭቃ ውስጥ በቂጣቸው ተቀምጠዋል፣ ገመዱ መዳፋቸውን ልጦት ደም ነው። ጋሽ ወርቁ ጉያቸው ውስጥ ናቸው። አይንቀሳቀሱም።

«ሞቱ?» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝ። ያቺ አስተያየት ስንት ሰከንድ እንደቆየች አላውቅም፣ ግን እስካሁን አላለቀችም። ከዛ ጋሽ ወርቁ አሳላቸው። ጥቁር ውሃ ወጣ። እንደገና አሳላቸው። ዓይናቸውን ሳይከፍቱ እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ፣ ቁልፉን ዳሰሱት። አለ። ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ቁልፉ እዚህ ነው» አሉ፣ እንደ ሕፃን ግራ ገብቷቸው። «በምን ከፈቱት?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ታደሰ ሊናገሩ ነበር፣ እኔ ቀደምኳቸው። «እኔ ነኝ ጋሼ። ሌላ አስቀርጬ ነበር።»

ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ሁለት የጎን አጥንትም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጋሽ ታደሰ በፋሻ በተጠቀለለ እጃቸው ግድግዳ ተደግፈው ነገሩኝ፤ ገመዱን መሳብ ሲጀምሩ ጋሽ ወርቁ መሀል ላይ ነበሩ፣ ውሃው ሲደርስ ከአፉ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ግፊቱ ከሲሚንቶው ጋር አላተማቸው። «መጀመሪያ ስደውልልህ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉ፣ «ወጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።» ከዛ በኋላ ሰላምታም ከለከሉኝ። እትዬ ሰዓዳ ግን ኮሪደሩ ወለል ላይ ጎኔ ተቀመጠች። «ያውቃሉ ብለኸኝ ነበር» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ወርቁ በክራንች መቆም ሲችሉ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ጋሽ ታደሰ ተነስተው «ይባረር። ፍርድ ቤቱም ሩቅ አይደለም፣ እንክሰሰው» አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ፣ ልክ ነው ዓይነት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እንኳን መሳደብ መተንፈስ ፈርቼ።

ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ተነሱ። «ይሄ ልጅ አጥፍቷል» አሉ። «እናንተ ግን ሰዓዳ በየሳምንቱ ቁልፍ ፍለጋ ስትንከላወስ እያያችሁ ማን ሄዶ ሰጣት? እኔም ብሆን አይቀረጽም አልኩት እንጂ ለምን እንደማይቀረጽ ነግሬው አላውቅም። የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።» ክራንቻቸውን አስተካከሉ። «ይሄን ስል ማርኩት ማለቴ አይደለም። ዳሌዬ ሌሊት ያመኛል። አይባረር፣ ግን አንድ ምርት እስኪያልፍ ውሃ አይሰጠው። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ቱቦ አልገባም፤ እሱ ይግባ።»

እጅ ይውጣ ተባለ። እኔም አባል ነኝ፣ አንድ ድምፅ አለኝ። እጄን አወጣሁ።

ስምንት መደብ ሰላጣ ዓይኔ እያየ ደረቀ። ደረቀ ብቻ፤ ምንም አላልኩም። አሁንም ግልፍተኛ ነኝ፣ ስብሰባ ላይ አሁንም እጮሃለሁ፣ አልዋሻችሁም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ «ለምን?» ብዬ ከጠየቅኩ በኋላ መልሱን ሳልሰማ አልወጣም። ባይነግሩኝም እቀመጣለሁ። እናንተም መስሪያ ቤታችሁ ውስጥ፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ የሽማግሌ ነገር የሚመስላችሁ የማይረባ ሕግ ካለ ስደቡት፣ ታገሉት፣ ግን ከመስበራችሁ በፊት ማንን እንደያዘ እዩ። እና ካጠፋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ስትጠየቁ ተናገሩ። ሁለተኛ የምትጠየቁበት ጊዜ ላይኖር ይችላል።

አሁን የእትዬ ሰዓዳን ቁልፍ ከሷ በፊት ባለተራ የሆነ ሰው፣ እኔ ማለት ነው፣ መደቧ ድረስ ያደርሳል፤ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ቱቦ ሲጸዳ ደግሞ ሳንቃው ላይ አንድ ሰው ይቀመጣል። ቱቦውን የማጸዳው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ሳንቃው ላይ እንዲቀመጥ ተራው የደረሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጋሽ ታደሰ። ይባረር ያሉት ሰውዬ፣ መዳፋቸው ላይ እስካሁን የገመዱ ጠባሳ ያለው።

ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ፣ በደረቴ ተኝቼ፣ ጨለማው ውስጥ ጭንቅላቴን አስገባሁና ቆምኩ። የሆነ ቦታ ሌላ ቁልፍ እንደሌለ በምን አውቃለሁ? እኔን የመሰለ ሌላ ጎበዝ እንደሌለስ? አላውቅም። አርባ ሰው ማመን አለብኝ፣ አንድ በአንድ። ስልኬን አውጥቼ ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ።

«ልገባ ነው» አልኩ።

ከኋላቸው የኩሬው ወፎች ይሰሙኛል።

«ግባ» አሉ። «ተቀምጫለሁ።»

ገባሁ።